እንኳን ተመለሳችሁ
በቁስቋም ለርቀት ትምህርት ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራን የርቀት ትምህርት ማዕከሉ ኃላፊዎችና መምህራን፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተመራቂ ቤተሰቦች፣ የዕለቱ ባለቤቶች ውድ ተመራቂዎች፣ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብራቸውን ባነጹበት በቁስቋም ቆሜ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ለሁላችሁም እንኳን ደስ አላችሁ! ለአንዳንዶቻችሁ ደግሞ የምጨምረው ቃል አለኝ፦ እንኳን ተመለሳችሁ! ኤፍ አምጥታችሁ የቀራችሁ፣ ዊዝድሮው አድርጋችሁ የወጣችሁ፣ ወይም ለማንም ሳትናገሩ ሞጁላችሁን ሣጥን ውስጥ ከታችሁ የተዋችሁና ከዓመታት በኋላ እንደገና የተመዘገባችሁ በመካከላችን አላችሁ። ዛሬ ስማችሁ ተለይቶ አይጠራም፤ የለበሳችሁት ጋውንም ከሌላው አይለይም። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ እናንተ ነው።

የርቀት ተማሪ የሚያቋርጠው ትምህርቱ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነው ሲባል እሰማለሁ። ይህን አልቀበልም። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ለቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያል ጎንደር የሚመጣ መምህር፣ ዓርብ ማስተማሩን ጨርሶ ተራራውን መውረድ አለበት፤ መኪና ካጣ ቱቶሪያሉ አመለጠው። በወገራና በዳባት አዝመራ የሚሰበሰብበት ሳምንትና የፈተናው ሳምንት ሲገጥሙ፣ አባቱን ብቻውን ማሳ ላይ ትቶ መምጣት የማይሆንለት ልጅ አለ። አራስ ቤት ሳለች አሳይመንት የማስረከቢያው ቀን ያለፈባት ነርስ አለች። ደመወዙ ለታናናሾቹ ቀለብ ውሎ የሴሚስተር ክፍያው የጎደለበት አለ።

በዚህ ላይ ያለፉትን ዓመታት ጨምሩበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት እስከ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ዘለቀ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በአማራ ሌላ ግጭት ተባብሶ መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ከረመ። በግሬድ ሪፖርቱ ላይ ይህ ሁሉ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ኤፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤፍ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ተማሪው በዚያ ሴሚስተር ስለኖረው ኑሮ ነው፤ ስለ አእምሮው የሚነግረን ጥቂት ነው። ኑሮ ደግሞ ይለወጣል።

መድገምን እንደ ነውር ማየት ለዚህ ከተማ ባዕድ ነው። ጎንደር የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤዎች የጸኑባት ከተማ ናት። በአብነት ትምህርት ቤት ቀለሙ ያልጸናለት ተማሪ ነገም ያንኑ ይቀጽላል፤ መምህሩ «ገና ነው» ካሉት ከነገ ወዲያም ይመለስበታል። ታሞ ወይም ተቸግሮ አገሩ የገባ ተማሪ ሲሻለው አኩፋዳውን አንግቶ ይመጣል፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ድጓ ተምሮ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ለማስመስከር የሄደ ሰው ስንት ጊዜ ከለስክ፣ ስንት ዓመት አቋረጥክ ተብሎ አይመዘንም። የሚመዘነው ዛሬ በሚያውቀው ነው። አባቶቻችን ዕውቀትን በዚህ መለኪያ ለኩ፤ እኛም በዚሁ መለኪያ ብንመዛዘን ከሥርዓታችን አልወጣንም።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የተማሪነታቸውን ታሪክ ግን ዛሬ ለእናንተ ማንሳት እፈልጋለሁ። ፎርት ሄር ከተባለው ኮሌጅ በተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ጉዳይ ተጋጭተው እ.ኤ.አ. በ1940 ሳይጨርሱ ወጡ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያጠናቀቁት በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በዩኒሳ በኩል በርቀት አጥንተው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ተመረቁ። ከዚያ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመሩ። የመጨረሻውን ዓመት ፈተና ደጋግመው ወደቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ከለከላቸው። ሮበን ደሴት ታስረውም ማጥናታቸውን ቀጠሉ፤ እዚያም የማጥናት ፈቃዳቸውን ለአራት ዓመት ተነጠቁ። የሕግ ዲግሪያቸውን በመጨረሻ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ገና እስረኛ ሳሉ፣ ከዚያው ከዩኒሳ በርቀት ነው። ማንዴላ በዚያ ጊዜ ዲግሪ የሚጨምርላቸው ክብር አልነበረም፤ ዓለም ሁሉ ያውቃቸው ነበር። የጀመሩት ትምህርት ግን አላለቀምና ጨረሱት።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት ዘርፎች በ2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 40.65 በመቶ ናቸው። በግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተፈታኞቹ ግማሽ የሚበልጡት አንድ ቀን «አላለፍክም»፣ «አላለፍሽም» ተብለዋል ማለት ነው። ፈተናውን እንደገና መውሰድ ስለሚቻል ከእነርሱ ብዙዎች ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ወይ መመለስ፣ ወይ መቅረት። ስለዚህ የመመለስ ነገር የጥቂት ሰነፎች ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የአገር ጉዳይ ነው።

መመለስ በምኞት አይሆንም፤ መንገድ አለው። ዛሬ እቤቱ ሆኖ ይህን የሚያስብ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ የምለውን ያዙላቸው።

መጀመሪያ ሬጅስትራር ሄዶ ፋይልን ማየት ነው። ዊዝድሮው ሞልቶ የወጣ ተማሪና ዝም ብሎ የቀረ ተማሪ ፋይላቸው አንድ አይደለም። ፎርም የሞላው ምክንያቱ በወረቀት ተመዝግቦለታል፤ የመመለሻ ጊዜውም በየተቋሙ የሴኔት ሕግ ተወስኗል። ዝም ብሎ የቀረው ግን ያልተፈተናቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሆነው ሊጠብቁት ይችላሉ። ቢሆንም መጠየቅን የመሰለ ነገር የለም፤ በሩ የተዘጋ የመሰለው ስንቱ፣ ሪአድሚሽን አመልክቶ ገብቷል። አሁን ትምህርት ላይ ሳላችሁ ችግር ከገጠማችሁም ሳትጠፉ በፊት ፎርሙን ሙሉ።

ሁለተኛ፣ ሲመለሱ ያለፈውን ጊዜ ለማካካስ ብሎ ኮርስ መደራረብ አይገባም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ጥቂት ኮርስ ወስዶ በደንብ ማለፍ፣ ብዙ ወስዶ እንደገና ከመውደቅ ይሻላል። ጂፒኤም ልብም የሚያገግሙት እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ የወደቁበትን ኮርስ ወደ መጨረሻ አለመግፋት ነው። ብዙ ጊዜ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ ወይም እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል፤ የሚቀጥሉት ኮርሶች ደግሞ በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። የመጣው ኤፍ ካለመረዳት ነው? አሳይመንት ካለማስገባት ነው? ወይስ ፈተና ካለመቀመጥ? ሦስቱም መድኃኒታቸው ይለያያል።

አራተኛ፣ ብቻን አለማጥናት ነው። የርቀት ትምህርት ትልቁ ፈተና ብቸኝነት ነው። በአንድ ወረዳ ሁለት ሰው ካለ፣ ሳምንት አንድ ቀን ተገናኝቶ ሞጁሉን በየተራ ማስረዳት ይቻላል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይህ አይቋረጥም።

ክቡራን የማዕከሉ ኃላፊዎች፣ በአክብሮት ሦስት ነገር እለምናለሁ። የመመለሻ ደንቡ በአማርኛ ተጽፎ፣ ደጃፋችሁ ላይ ይለጠፍ፤ ተማሪ ከወሬ ሳይሆን ከጽሑፍ ይወቀው። ለአንድ ሴሚስተር ሳይመዘገብ የቀረ ተማሪ ሲኖር አንድ ስልክ ይደወልለት፤ ብዙው ሰው የሚቀረው ማንም አልፈለገኝም ብሎ ነው። ሞጁሉም ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ተማሪው እጅ ይግባ። ከዚህም በላይ፣ የደጋውን ተማሪ ፈተና ደባርቅ ላይ መስጠት የሚቻልበት ሁኔታ ካለ ይታሰብበት፤ ከደባርቅ ጎንደር ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰላም ቀን ቀላል ነው፣ በክፉ ቀን ግን ዓመት ያስቀራል።

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ልጃችሁ፣ ባለቤታችሁ ወይም እናታችሁ ወደ ትምህርት ሲመለሱ «ያኔ ያልሆነው አሁን ሊሆን ነው?» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ይልቅ ለማጥናት ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ስጧቸው፤ ልጆቹን ያዙላቸው፤ በፈተና ሳምንት ሥራውን ተካፈሏቸው። ዛሬ ከተመረቁት ስንቶቹ በእንዲህ ያለ እገዛ እዚህ እንደደረሱ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ውድ ተመራቂዎች፣ ዲግሪያችሁ ደረጃና ደመወዝ ይጨምርላችኋል፤ ይገባችኋልም። እኔ ግን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከእናንተ ጋር ተመዝግቦ፣ አብሯችሁ ቱቶሪያል ተቀምጦ፣ በመካከል የቀረ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሙ አሁን ትዝ ብሏችኋል። በዚህ ሳምንት ደውሉለት። የምዝገባውን ቀን ንገሩት፤ የተጠቀማችሁበትን ሞጁልና ማስታወሻ ስጡት፤ ብቻውን መሄድ ከከበደው ሬጅስትራር ድረስ አብራችሁት ሂዱ። አንተም፣ አንቺም ትጨርሳላችሁ ብሎ ለመናገር እናንተን የሚያህል ምስክር የለም፤ ተመልሳችሁ የጨረሳችሁ በመካከላችን አላችሁና። እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ብትመልሱ፣ በሚቀጥለው ምረቃ ይህ አዳራሽ አይበቃንም።

እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።