ምርጫና ሰው
(በ20ኛ ዓመት የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የ1998 ዓ.ም. የሕክምና ምሩቃን፣

አዘጋጆቹ «ስለ ሙያችን ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ምርጫ ላውራ። ለማን ድምፅ እንደምንሰጥ፣ ምን እንደምንማር፣ የትኛውን ቡድን እንደምንደግፍ፣ የት እንደምንጸልይ፤ ሁሉንም ማለቴ ነው።

እስኪ ወደ ግቢ ልመልሳችሁ። አርሴናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ፣ 1996 ላይ ማለት ነው፣ እኛ ማንቼዎች ካፌ መግባት እንኳ ፈርተን ነበር። ማታ ግን አንድ ሃንድአውት ለአራት እንካፈላለን። በረመዳን ለሱሑር የሚነሱት ልጆች ለፈተና ማጥናት የምንፈልገውን የኦርቶዶክስና የጴንጤ ልጆች እየዞሩ ይቀሰቅሱን ነበር። በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ጊዜ በእኛ ዶርም ብቻ ሦስት ዓይነት አቋም ነበር። ተጨቃጭቀናል፣ ተኮራርፈናልም። ጠዋት ራውንድ ላይ ግን አንዷ የረሳችውን የላብራቶሪ ውጤት ሌላዋ በሹክሹክታ ትነግራታለች።

የትምህርቱስ ምርጫ? ሕክምናን በራሳችን ፍላጎት የሞላን ስንቶቻችን ነን? እጃችሁን እንዳታወጡ፣ መምህሮቻችን ያዝናሉ። እኔ ሒሳብ ነበር የምፈልገው። አባቴ «ውጤትሽ ሕክምና ያስገባሽ የለ እንዴ!» አለ፣ በቃ፣ ሞላሁ። ለስሙ፣ ለክብሩ ብሎ ይመስለኝ ነበር፤ ዓመታትም ቂም ይዤበታለሁ። ካረፈ በኋላ ነው እናቴ ታናሽ እህቱ በወሊድ እንደሞተችበት የነገረችኝ። ምርጫው ከየት እንደመጣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ኢንተርን ሳለሁም ያው ስህተት ደገምኩ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረ ሰሞን ነው። አንድ አባት «ጠበል ጀምሬያለሁ፤ መድኃኒቱ ትንሽ ይቆየኝ» አሉኝ። እኔም በነጭ ጋዋኔ ኩራት «ወይ ጠበሉን ወይ መድኃኒቱን ይምረጡ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ። አልተመለሱም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ሲናገሩ ስሰማ ያስታወስኩት እኚያን ሰው ነው። ሁለቱን አብረው መውሰድ ይችሉ ነበር። አንዱን እንዲጥሉ ያስገደድኳቸው እኔ ነኝ።

መምህሮቻችን «በሽተኛውን ሳትጠይቁ አትመርምሩ» ብላችሁ አስተምራችሁን ነበር። ስለ ሳልና ስለ ትኩሳት ስንጠይቅ ጎበዞች ነን። የሰው ምርጫ ላይ ስንደርስ ግን ሳንጠይቅ ዳያግኖሲስ እንጽፋለን። «እሱ እንትን ነው» እንላለን፤ ካርዱ ይዘጋል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ሲጀመር የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። አንድ ጓደኛችን «መቀሌ ያለችውን እናቴን ማግኘት አልቻልኩም፤ ስልክ የለም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የመጣው መልስ ፖለቲካ ነበር። ሌላው ቀጠለ፣ ሌላውም ጨመረ። ማንም «እናትህ እንዴት ነበሩ? መድኃኒት አላቸው ወይ?» አላለውም። ሁላችንም ሐኪሞች ነን እኮ! እኔ አነበብኩ፤ ዝም አልኩ። በማግስቱ ከግሩፑ ወጣ። እሱ ብቻም አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በየምክንያቱ ከየአቅጣጫው የወጡ አሉ።

ባለፈው ወር ደወልኩለት። ይህን እንድናገርም ፈቅዶልኛል። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የደወልኩት፤ ግን ማንበብ አቃተኝና «ይቅርታ፣ ያኔ ዝም ብዬሃለሁ» ብቻ አልኩት። እሱም ዝም አለ። ቆይቶ «አሁንም ማንቼ ነሽ?» አለኝ። «አዎ» ስለው «እንግዲያው በበቂ ተቀጥተሻል» አለኝ። ሳቅን፤ ከዚያ አለቀስን። ስለ ፖለቲካው ዛሬም አንስማማም። ስለ እናቱ ግን አንድ ሰዓት አወራን።

ምርጫችሁን ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው።

መምህሮቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን «ሌላ ምን እየወሰዱ ነው? የት እየሄዱ ነው?» ብለው ፊታቸው ሳይለወጥ መጠየቅን አስተምሩልን። መልሱን ፊታችን ነው የሚያስቀርብን።

የባቼ ልጆች፣ ከግሩፑ ወጥተው የቀሩትን ጓደኞቻችንን ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ። በምሳ ሰዓት እንከፋፈላለን፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ሰው። ቴክስት አይቆጠርም፤ ስልክ ነው። መጀመሪያ የምንጠይቀውም ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና ይሁን። ክርክሩ ይደርሳል፣ የትም አይሄድም።

በ25ኛው ዓመት ሁላችንም ሳንጎድል ያገናኘን።