የጥገና ሥራ አደረጃጀት በቡና መፈልፈያ ቤት
(ከገለምሶ አካባቢ በተወሰደ ምሳሌ የቀረበ ንግግር)



ስለ ፋብሪካ ጥገና ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የስሚንቶ፣ የስኳር ወይም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ነገር ግን የጥገና አደረጃጀት ችግር ራቁቱን ወጥቶ የሚታየው በትንንሾቹ ቤቶች፣ ይኸውም አንድ ሜካኒክ፣ አንድ መጋዘንና አንድ ዋና ሞተር ባለበት ስፍራ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከጭሮ ተነሥቶ በበደሳ በኩል ወደ ገለምሶ የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው አገር ቡና አምራች ነው። ስለዚህ ለዚህ ንግግር የተመረጠው ምሳሌ የደረቅ ቡና መፈልፈያ ቤት ሆኗል።

የሐረርጌ ቡና በውሃ ሳይታጠብ ከነሥጋው በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው ፍሬ ጀንፈል ይባላል። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ብራዚላዊው መሐንዲስ ኤንግልበርግ በፈለሰፈው ዓይነት መፈልፈያ ውስጥ ጀንፈሉ የሚገባው ጥርስ ባለው ተሽከርካሪ ሲሊንደርና በዙሪያው ባለው ቀዳዳማ ወንፊት መካከል ነው። በጎን በኩል የሚስተካከል ቢላዋ አለ። ቢላዋው ከመጠን በላይ ከተጠጋ ፍሬው ይሰበራል፤ ከራቀ ደግሞ ጀንፈሉ ሳይፈለፈል ያልፋል። ወንፊቱ ሲበላ ፍሬው ከገለባው ጋር ይወጣል፤ ሲደፈን ደግሞ ውስጡ ይግላል፤ የጋለ ቡና መልኩም ጣዕሙም ይለወጣል። በአገሪቱ የቡና ደረጃ አወጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው የሚሰጠው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለጣዕሙ ስለሆነ፣ አንድ ያልተስተካከለ ቢላዋ የገበሬውን የዓመት ድካም በአንድ ቀን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ጥገና እዚህ ላይ የማሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ቡናው የሚለቀመውና ወደ መፈልፈያው የሚጎርፈው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በእነዚህ ወራት ቤቱ ገንዘብ አለው፤ ማሽኑን ለማቆም ግን አንድ ቀን እንኳ አይገኝም፤ ጆንያ የጫነ ሁሉ በር ላይ ተሰልፏልና። ክረምት ሲገባ ማሽኑ ይቆማል፤ ጊዜው ሞልቶ ይተርፋል፤ ገንዘቡ ግን ከሣጥኑ ወጥቷል፤ ለዕዳ ተከፍሏል፤ ወይም ለሌላ ንግድ ውሏል። ገንዘብ ሲኖር ጊዜ የለም፤ ጊዜ ሲኖር ገንዘብ የለም። ስለ ሠራተኛ ስንፍና ብዙ ይወራል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ብልሽት የሚወለደው ከዚህ የወራት አለመገጣጠም መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

መድኃኒቱ ከሜካኒኩ ክፍል ሳይሆን ከሂሳብ ክፍሉ ይጀምራል። በወቅቱ ከተፈለፈለው ከእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ጥቂት ብር እየተነሣ፣ ለሌላ ጉዳይ እንዳይነካ ተደርጎ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ። ለስሌት ያህል በዓመት 8,000 ኩንታል የሚፈለፍል ቤት ከኩንታሉ 5 ብር ቢያነሣ ለክረምት ጥገና 40,000 ብር ይጠብቀዋል። ልኩን እያንዳንዱ ቤት በራሱ መዝገብ ሊወስነው ይችላል፤ ዋናው ነገር ገንዘቡ በታኅሣሥ ተቀምጦ በሐምሌ መገኘቱ ነው።

መዝገብ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። በብዙ ቤት የማሽኑ ታሪክ የሚገኘው በሜካኒኩ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ኩሽኔታ ሲሰበር ስባሪው በጨርቅ ተጠቅልሎ በጭሮ፣ በሂርናና በቁልቢ በኩል እስከ ድሬዳዋ በአውቶቡስ ይጓዛል፤ ምክንያቱም ቁጥሩን የጻፈ ሰው የለም። ኩሽኔታ ግን በዓለም ሁሉ የታወቀ ቁጥር አለው፤ 6308 የተባለው ለምሳሌ ውስጡ 40፣ ውጭው 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊሜትር ነው፤ ከየትም ፋብሪካ ቢመጣ ልኩ አይለወጥም። ቁጥሩ በደብተር ቢሰፍር፣ የቺንጋው ርዝመትና የወንፊቱ ቀዳዳ ስፋትም ቢጨመርበት፣ ጥያቄው በስልክ ያልቃል። መለዋወጫውም ከመስከረም በፊት ተገዝቶ በመደርደሪያ ላይ ይጠብቃል።

ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ዳዶ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሚገርመው በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር በፈረንሳዮች የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ የአካባቢው ሜካኒክ ቋንቋ በአብዛኛው የጣሊያን ሆኖ መቅረቱ ነው። ከባቡሩ ግን ሌላ የሚወረስ ነገር አለ። ኩባንያው በድሬዳዋ የራሱን የጥገና ክፍል ያቋቋመው፣ የተሰበረ ዕቃ ምትኩ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ባቡር ቆሞ ሊጠብቅ ስለማይችል ነበር። መፈልፈያ ቤቶች ለየራሳቸው ቶርኖ ቤት ሊያቆሙ አይችሉም፤ በገለምሶና በበደሳ ያሉት ተባብረው አንድ ቶርኖና አንድ የብየዳ ክፍል ቢይዙ ግን ከአቅማቸው በላይ አይሆንም።

ስለ ሕንፃው ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ሕንፃው ግን የማሽኑ አካል ነው። መፈልፈያው ሲንቀጠቀጥ የመሠረቱ ብሎኖች ይላላሉ፤ ንዝረቱ ወደ ግድግዳውና ወደ ጣሪያው ያልፋል፤ የቆርቆሮው ምስማር ቀስ በቀስ ይነሣል፤ በክረምት ዝናቡ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ከ11 እስከ 12 ከመቶ እርጥበት ይዞ የገባው ቡና በረጠበ ወለል ላይ ካደረ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል። ስለሆነም ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደር፤ የጣሪያው ምስማርና የውሃ መውረጃው ዝናብ ሳይገባ በግንቦት ይታይ። በማገሩ ላይ የሚከማቸው የገለባ ብናኝ ደግሞ እሳት የሚጠብቅ ማገዶ ነው። በሞተሩ ዙሪያ በየሳምንቱ መጠረግ አለበት።

ከኤሌክትሪክ ወገን ሞተር ከሚያቃጥሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የአንድ ፌዝ መጉደል ነው። ሦስት ፌዝ የሚፈልግ ሞተር በሁለት ፌዝ ሲሠራ ጥቅልሉ ይግልና ይነዳል። የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ ዋጋ ከሞተር ማስጠቅለያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ብዙ ቤቶች ግን ሪሌው አላስፈላጊ መስሏቸው ይተዉታል፤ አንዳንዶችም «ያስቸግራል» ብለው በሽቦ ያገናኙታል።

ከሁሉም የሚከብደው ማሽኑን የማቆም ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ጃፓናውያን በ1971 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት፣ በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በሰፊው በሚታወቀው አሠራር፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ራሱ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ነው። ይህ በትልቅ ፋብሪካ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ኦፕሬተሩ ያልተለመደ ድምፅ ሲሰማ ማንንም ሳያስፈቅድ ማቆም መቻል አለበት። ባለቤቱ «ይህች ጭነት ትለቅና» በሚልበት ሰዓት ግን ይህ ሥልጣን በወረቀት ካልሰፈረ ከንቱ ነው። ቺንጋ ሳይከለል በሚሽከረከርበት ቤት እጅ የሚቆረጠው ባብዛኛው በእንዲህ ያለች ጭነት ላይ ነው። ሜካኒኩ ወደ ማሽኑ እጁን ከመስደዱ በፊት ፊውዙን ነቅሎ በገዛ ኪሱ ይያዝ፤ በማብሪያው ላይም ስሙ ያለበት ካርቶን ይንጠልጠል። ካርቶኑን የሚያወርደው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ቢሆን አይነካውም።

የክረምቱ ሥራ ሲያልቅ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ማሽኑ መጀመሪያ ባዶውን ለአንድ ሰዓት ይዙር፤ ኩሽኔታው በእጅ ይዳሰስ፤ ቀጥሎ አንድ ጆንያ ጀንፈል ይግባ። ከወጣው ቡና ላይ አንድ ኪሎ ተመዝኖ የተሰበረው ፍሬ ይለይ፤ ሳይፈለፈል ያለፈውም እንዲሁ። የሁለቱ ክብደት ከቢላዋው ክፍተት ልክ ጋር በመዝገቡ የዚያ ዓመት የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ፤ ሜካኒኩና ባለቤቱም ከሥሩ ይፈርሙበት።