በእግር ላይ ስለሚወጣ የአጥንት ጉብታ
(አንድ መምህር በኮሚዩኒቲው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ከራሴ እግር የተማርኩትን ነው።

ከሰልባጅ የገዛሁትን ጠባብ ጫማ አጥብቄ አስሬ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ከረምኩ። በኋላ በቀኝ እግሬ ላይ፣ የጫማው ማሰሪያ በሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ሽምብራ ያለ ጠንካራ ጉብታ ወጣ። ጫማ ሳደርግ ያቃጥለኛል፤ ሕመሙም እስከ አውራ ጣቴ ይዘልቃል። አንዱ ጎረቤቴ «ወልቋል፣ ወጌሻ ይሸው» አለኝ፤ ሌላው «ነቀርሳ ነው» ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። ወጌሻው በኃይል ቢጫነው ለሳምንት መርገጥ አቃተኝ፤ ተማሪዎቼም ያለ መምህር ዋሉ።

ክሊኒክ ስሄድ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በእግራችን መካከል ብዙ ትናንሽ አጥንቶች ይገጣጠማሉ። መገጣጠሚያው በዕድሜ፣ በቆየ ጉዳት ወይም በብዙ ጫና ሲያልቅ፣ አጥንቱ በዳር በዳሩ ተጨማሪ አጥንት ያበቅላል። ጉብታው ይኸው ነው። በዚያ ቦታ ቆዳው ስስ ስለሆነ ጫማ ሲጫነው ያማል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ነርቭ ሲጨፈለቅም ጣት ይደነዝዛል። ነቀርሳ የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ/ የጫማውን ማሰሪያ ፈትታችሁ እንደገና አስገቡት። ጉብታው ባለበት ላይ አታጣምሩት፤ እዚያ ሲደርስ በየጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ ወደ ላይ አሳልፉት።

2ኛ/ ከአሮጌ ስፖንጅ ቀለበት ቆርጣችሁ፣ ጉብታው ቀዳዳው ውስጥ እንዲገባ አድርጉ።

3ኛ/ ከተገኘ፣ ላዩ ሰፊ፣ ሶሉ ጠንካራና በቀላሉ የማይታጠፍ ጫማ ምረጡ።

4ኛ/ ሲብስባችሁ እግራችሁን አሳርፉ።

ጉብታው በዚህ አይጠፋም፤ ሕመሙ ግን ይቀንሳል። በፍጹም አታሳሹት፣ አታስበጡት፣ አታስተኩሱት።

ቦታው ከቀላና ከጋለ፣ ከቆሰለ፣ በፍጥነት ካደገ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳችሁ፣ ወይም ከወደቃችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ ሳትዘገዩ ክሊኒክ ሂዱ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ትንሿን ቁስል እንኳ ቶሎ ያሳይ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ጫማው ቢጠበንም ሌላ ስለሌለን ዝም እንላለን። ጫማውን መለወጥ ባንችል እንኳ አስተሳሰሩን መለወጥ እንችላለን። ውሃ የምንቀዳው፣ ራሽን የምንቀበለው፣ አንድ ቀንም ወዳሰብንበት የምንሄደው በዚሁ እግር ነው።