የሚሸሸው ጣቢያ
ስለ ማኅበራችን አሮጌ ራዲዮን ለአባላት የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ የአሮጌው ራዲዮን ነገር ሲነሣ ጭቅጭቁ ከሻይ ሰዓትም አልፎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ግማሹ «ለቁራሌው ይሸጥ» አለ፤ ግማሹ «የሟች አደራ ነው፣ አይነካም» አለ። እኛ ኮሚቴዎቹ የአንድ ወር ጊዜ ለምነን ወጣን። በዚያ ወር ያየነውንና ያወጣነውን ገንዘብ ዛሬ እንነግራችኋለን። ከመካከላችን የራዲዮን ትምህርት የተማረ የለም። ያገዘን የሠፈራችን ልጅ ነው፤ አምስት ኪሎ ባለው በኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ በኢቲ3ኤኤ፣ ሲለማመድ የቆየ ልጅ ነው።

ለአዲስ አባላት እንንገር። ራዲዮኑ ባለ ቫልቭ መቀበያ ነው፤ ይሰማል እንጂ አያስተላልፍም። ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማንም አይስጋ። ሟቹ አባታችን አሥመራ ሲሠሩ፣ የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጦር ሰፈር በ1969 ዓ.ም. ከመዘጋቱ በፊት፣ ከአንድ ተመላሽ የገዙት ነው። በ110 ቮልት ስለሚሠራ ትራንስፎርመሩ አብሮት ተቀምጧል። አማተሮች ማለት ለደመወዝ ሳይሆን በፍቅር፣ በፈቃድ፣ በራዲዮን ከዓለም ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። አባታችን ማታ ማታ እነሱን ነበር የሚያዳምጡት።

በሽታው ይኸውላችሁ፦ ጣቢያ ይያዝና ይሸሻል። ተራ ዜና ሲሰማ ብዙም አይታወቅም። አማተሮች በ14 ሜጋ ኸርዝ ሲነጋገሩ ግን ሲንግል ሳይድ ባንድ በሚሉት ጠባብ መንገድ ነው፤ ከሞገዱ ከፊሉ ሳይላክ ይቀራል፣ የቀረውን መቀበያው ራሱ መሙላት አለበት። መቀበያው 200 ኸርዝ ያህል እንኳ ከሳተ የሰውዬው ድምፅ ይበላሻል፤ አንዴ እንደ ዳክዬ ይንጫጫል፣ አንዴ ከጉድጓድ እንደሚናገር ይወፍራል። «ራዲዮኑ አርጅቶ ቃዠ» ያላችሁት ይኼን ነው።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። መጀመሪያ አንድ ጠጋኝ «ቫልቮቹ ደክመዋል» ቢለን ሳንመረምር 3 ቫልቭ ገዛን፤ ከማኅበሩ ካዝና 2,400 ብር ወጣ። ምንም አልተለወጠም። ይባስ ብሎ ከመካከላችን አንዱ በካቻቪቴ የጥቅል ሽቦዎቹን ብሎኖች አዞረ፤ በማግሥቱ መርፌው የሚያሳየው ቁጥርና ጣቢያው አልተገናኙም። እሱን ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለት ማታ ፈጀብን። እነዚያ ብሎኖች ከመጨረሻው ቀን በፊት አይነኩም፤ እነሱ ባይላሉ ኖሮ ከፋብሪካ እንደወጡ ነበሩ።

ልጁ ሲመጣ ክዳኑን አልከፈተም። ደብተር አምጡ አለን። በ10 ሜጋ ኸርዝ ላይ በየሰከንዱ ጠቅ ጠቅ የሚሉ የሰዓት ጣቢያዎች አሉ፤ የአሜሪካው ደብልዩ ደብልዩ ቪ ከኮሎራዶ፣ የቻይናው ቢ ፒ ኤም። እነሱ አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ የተንቀሳቀሰው የኛው ነው ማለት ነው። ፉጨቱ ወደ ዝምታ እስኪወርድ እያስተካከልን፣ በየ5 ደቂቃው ስንት እንደሸሸ ጻፍን። ሦስት ማታ ተቀመጥን፤ ቡናውን ያፈሉልንን እናት እናመሰግናለን።

ደብተሩ ሲታይ አንድ የመሰለን በሽታ ሦስት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ከተከፈተ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ በግማሽ ሰዓት 4 ኪሎ ኸርዝ ያህል፣ ከዚያ ይረጋል። ሁለተኛው ድንገት ይዘላል፤ ጠረጴዛው ሲነካ ይብሳል። ሦስተኛው ይዋዥቃል፤ ይኼኛው ሁልጊዜ ወደ 1 ሰዓት ግድም ነው የሚመጣው። ለምን ቢባል፣ ጎረቤት ምጣድ የሚሰካው ያን ጊዜ ነው! አምፖሉ ፈዘዝ ሲል ድምፁም አብሮ ይዋልላል።

ከምጣዱ ጀመርን። እንዲህ ባለ ራዲዮን ውስጥ የመብራት መውረድ ሞገድ አመንጪውን እንዳይነካው ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ቫልቭ አለ፤ የኛው 150 ቮልት ላይ ይይዛል። ሲሠራ ሐምራዊ ብርሃን ያሳያል። የኛው ጨለማ ነበር። «ይኼውና ቫልቭ!» ብለን ልንገዛ ስንነሣ ልጁ ከለከለን፤ በቴስተር ሲለካ ጥፋቱ ከፊቱ ያለችው ሬዚስተር ሆነች። በእርጅና መጠኗ ወደ ላይ ወጥቶ ቫልቩን አስርባዋለች። ሬዚስተሯ 15 ብር። ስትቀየር ሐምራዊው በራ፤ ምጣዱም ቢሰካ ጣቢያው ዝም አለ።

ዝላዩ የመጣው ጣቢያ ስንፈልግ ከሚዞረው ኮንደንሰር ነው። የሚዞሩትን ቅጠሎች ከአካሉ ጋር የምታገናኝ ትንሽ የምትጫን ብረት አለች፤ አቧራና የደረቀ ቅባት ይዟት ነበር። በንጹሕ አልኮልና በቀጭን ብሩሽ ተጠረገች። ከዚያ በደረቅ እንጨት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው፤ አንድ ቦታ የተሰነጠቀ ብየዳ በዚህ ተገኘ።

የቀረው የሙቀቱ ነው። ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል። ይኼን እንዲያካክስ ሲሞቅ መጠኑ የሚቀንስ ኮንደንሰር ይገባል፤ ኤን 750 የተባለው በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 750 እጅ ይቀንሳል። የኛውን ዱሮ የጠገነ ሰው አውጥቶ ተራውን አስገብቶበታል። መጠኑ ልክ ነው፣ ጠባዩ ግን አይደለም። ተገኝቶ ሲገባ የግማሽ ሰዓቱ ሽሽት ከ4 ወደ 1 ኪሎ ኸርዝ ወረደ። ከዚህ በታች አልወርድ አለ፤ እኛም ተውነው። ከመስኮቱ ሥር አንሥተን ነፋስ ከማይደርስበት ግድግዳ ጋር አስጠጋነው፤ ይኼም ረድቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት። ከሶኬት ተነቅሎም ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ሰው የሚገድል ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ልጁ ራሱ ሲሠራ መጀመሪያ በሬዚስተር ያራግፋቸዋል፣ አንድ እጁንም ኪሱ ይከታል።

ሒሳቡ፦ ሬዚስተር፣ ኮንደንሰርና አልኮል በጠቅላላው 190 ብር፤ ደረሰኙ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል። የማያስፈልጉት 3 ቫልቮች መጠባበቂያ ሆነው ሣጥን ውስጥ አሉ፤ 2,400 ብሩን የኮሚቴው አባላት በሦስት ወር ከፍለን ለካዝናው እንመልሳለን። ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን በድምፅ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን መጥታችሁ ስሙት። ሐሙስ ማታ በ1 ሰዓት ይከፈታል፤ ግማሽ ሰዓት የማሞቂያ ነውና በ1 ሰዓት ተኩል ድረሱ።