የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ



ጅቡቲ፣ ምኒልክ አደባባይ። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሁለት ያገር ልጆች ሻይ ይዘው ይሟገታሉ። አንዱ የጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊ ነው፤ ሌላው የቡና። አዲስ አበባ ሩቅ ናት፤ ሙግቱ ግን ትኩስ ነው።

ለምን? ኳሱ ብቻ አይደለማ! ጊዮርጊስ የተመሠረተው ጣሊያን በወረረን ዓመት፣ በ1928 ዓ.ም. ነው። ፍቅሩም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ የጊዮርጊሱ ደጋፊ ሲሟገት፣ እጁን ይዞ ስታዲየም ያስገባውን አባቱን እያሰበ ነው። ሌላውም ሰፈሩን፣ አብሮ አደጎቹን እያሰበ ነው። ስደት ላይ ደግሞ ይህ ናፍቆት ይብሳል።

ስለዚህ ተሟገቱ። ተፎካከሩ። ስድብ ግን ቡድኑን አይመታም፤ የሰውየውን አባት ይመታል፤ ሰፈሩን ይመታል።

ዛሬ ቡድኑ የተሸነፈበት ሰው ካገኛችሁ፣ እባካችሁ አትተርቡት። መጀመሪያ ሻይ ጋብዙት።