ስለ ዘፋኟ ናንሲ ስቶራስ የተደረገ ንግግር



ናንሲ ስቶራስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1765 ዓ.ም. በለንደን ተወለደች። አባቷ ኢጣልያዊ የኮንትራባስ ተጫዋች፤ ወንድሟ እስቲፈን የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። በቪየና ኦፔራ ስሟ ሲጠራ ገና ልጅ ነበረች። ባሏ ፊሸር ይደበድባት ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ዮሴፍ 2ኛ ከከተማው አስወጣው፤ ደግ አደረገ።

በ1785 የወንድሟን ኦፔራ ስትጫወት ድምፅዋ በመድረክ ላይ ጠፋ። ለዘፋኝ ከዚህ የባሰ ምን መከራ አለ? ከወራት በኋላ ስትድን፤ ተቀናቃኞች ነበሩ የሚባሉት ሞዛርትና ሳሊየሪ ከሌላ ደራሲ ጋር ሆነው የደስታ ዜማ ደረሱላት። ጠፍቶ የኖረው ይህ ዜማ በ2015 በፕራግ ተገኘ። በ1786ም በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ሱዛናን ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነች እርሷ ናት።

ወንድሟ በ1796 በ33 ዓመቱ ሲሞት፤ ያልጨረሰውን ኦፔራ ከጓደኛቸው ከኬሊ ጋር አሟልታ ለሕዝብ አሳየችው።