ቅጠሉ ሲሞቅ፦ የድርቅ ምስልና የላስታ ማሳ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ውኃ ያጠረውን ሰብል በካሜራ ስናነሣ ምስሉ የሚነግረን ምንድን ነው? ጥያቄውን የማነሣው የላስታን ደጋ በማሰብ ነው።

በዚያ አገር የአዝመራውን ዕድል የሚወስነው የዝናቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ነው። በልጉ ከቀረ፣ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ፣ ሰብሉ ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ውኃ ያጣል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብን ለምግብ እርዳታ ሲዳርግ ሰሜን ወሎም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር።

ተክል ከሥሩ የሳበውን ውኃ ስቶማታ በምንላቸው ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች ያተናል፤ ትነቱም ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል። አፈሩ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ትነቱ ይቀንሳል፤ ቅጠሉም ይሞቃል። የሙቀት ካሜራ ይህን ለውጥ ቅጠሉ ከመጠውለጉ በፊት ያሳየናል። ሌላው ካሜራ የሚለካው የተንጸባረቀውን ብርሃን ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን በክሎሮፊል ይመጣል፤ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን አብዝቶ ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የልምላሜ መለኪያ ይሆናል።

እስከዚህ ያለው ፊዚክስ ነው፤ የሚከብደው ትርጓሜው ነው። ጎን ለጎን ከተዘሩ ሁለት የገብስ ዝርያዎች አንዱ ቀዝቃዛ፣ ሌላው ሞቃት ሆኖ ቢታይ የትኛውን እንመርጣለን? ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀዝቃዛው ነው፤ ሥሩ ገና ውኃ ያገኛልና። ይሁን እንጂ ዝናቡ ቀድሞ በሚቋረጥበት፣ አፈሩም ስስ በሆነበት ተዳፋት፣ ይኸው ዝርያ እርጥበቱን አስቀድሞ ጨርሶ ፍሬ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። ሞቃቱ ደግሞ ቆጥቦ ለፍሬው ያተርፍ ይሆናል። ቶሎ የሚደርስ ዝርያም ቀድሞ ስለሚወይብ በምስሉ ላይ የተጎዳ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከድርቁ ማምለጡ ነው። ካሜራው የውኃውን ወጪ ይመዘግባል፤ ወጪው ብክነት ይሁን ብልኃት ግን ብቻውን አይነግረንም።

ሁለተኛው ችግር የስፋት ነው። የላንድሳት 8 ሳተላይት የሙቀት መለኪያ አንዱ ፒክስል 100 ሜትር በ100 ሜትር፣ ማለትም 1 ሄክታር ይሸፍናል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው ብንል፣ አራት ጥማድ መሬት በአንድ ቁጥር ተጠቃለለ ማለት ነው። በዚያ ውስጥ ገብሱም፣ ባቄላውም፣ የእርከኑ ድንጋይም ይቀላቀላሉ። ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር ጥራት ቢያይም የሙቀት መለኪያ የለውም፤ በሐምሌና በነሐሴም ደመና ይጋርደዋል። ስለዚህ ከደመናው በታች የሚበር ድሮንና በእጅ የሚያዝ ካሜራ ያስፈልጉናል።

ትርጓሜውንስ ከየት እናገኛለን? የላስታ ጎረቤት በሆነችው በመቄት፣ ገረገራ ላይ የተሠራ የስንዴ ጥናት መንገዱን ያመላክታል። አብዛኞቹ ከአገራችን የዘረ መል ባንክ የተገኙ ነባር ዝርያዎች የሆኑ 400 ናሙናዎች በገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም ተዘሩ። ተመራማሪዎች በመሣሪያ ከለኩት ጎን ለጎን 60 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ሰብሉን አይተው ነጥብ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት የገበሬዎቹ ምዘና ከዘረ መል መረጃ ጋር ሊተሳሰር የሚችል አኃዝ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ የሙቀት ምስል ጋር ሰብሉ የተዘራበትና ያበበበት ቀን፣ የአፈሩ እርጥበት፣ የገበሬዎቹም ነጥብ አብረው ይመዝገቡ፤ የመጨረሻው ዳኛ ደግሞ የተወቃው ምርት ይሁን። ዝርያ የምንመርጠው ለመጪው ክረምት የሚዘራ ዘር ለመስጠት ነው። ምስሉን በስሕተት ካነበብን የምንጥለው ዝርያ ምናልባት በክፉ ዓመት ቤተሰብ የሚያተርፈው ይሆናል።